ካንሰሩ አልተራበም፤ የተራቡት እማማ ናቸው

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። አንዲት እናት የሚቀጥለውን ዙር ኪኒናቸውን ሊወስዱ መጡ። የአንጀት ካንሰር ነው ያለባቸው፤ የሚወስዱት ካፔሲታቢን የሚባል ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት ነው። ሚዛን ላይ ወጡ። ካለፈው ዙር ወዲህ አምስት ኪሎ ቀንሰዋል።

«እማማ፣ ምግብ አልወርድ አለዎት እንዴ?»

«መውረዱንስ ይወርዳል ልጄ። የሚበላው ነው የጠፋው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለች ልጃቸው በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከችላቸው። የልጅ ልጃቸው ቁጭ ብሎ አነበበላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስር ቀረ። ጎመን ቀረ። ሽሮም ቀረ። ጾም ነውና ሥጋው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ ድሮም የለም። የተረፋቸው እንጀራ በድንች ነው።

ጽሑፉን እኔም ፈልጌ አነበብኩት፤ ሁለቴ። የካንሰር መድኃኒት በሚዘጋጅበት ክፍል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ስለዚህ የሚያወራው ስለ ዕለት ሥራዬ ነው። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም። ግን ያልተማረ ሰው አይደለም፤ ያስቸገረኝም ይኼው ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ግማሹ እውነት ነው።

የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው። ካንሰር የሚያድገው ኑክሊዮታይድ በሚባሉ የዲኤንኤ ጡቦች ነው። ጡቦቹ የሚመጡት ከምግብ ነው፤ በተለይ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ከሞላበት ቅጠልና ጥራጥሬ። ብዙ ኬሞዎች ፎሌትን የሚዋጉ መሆናቸው ማስረጃው ነው። ስለዚህ ምግቡን የቆረጠ ሰው ካንሰሩን ያስርባል። ኬሞዎቹ ራሳቸው ግን የ70 ዓመት አሮጌ መርዞች ናቸው። ሐኪሞች መርዙንና ቫይታሚኑን ለአንድ ሰው ስለሚሰጡ የሚሠሩትን አያውቁም። መድኃኒቱ ማንን እንደሚገድል የሚለየውን ምርመራም ይደብቃሉ። ማሳረጊያው ደግሞ ለነፍሰ ጡሮች ነው፦ ከፎሊክ አሲድ (በፋብሪካ ከሚሠራው ፎሌት) ኪኒናም እሱ ከተጨመረበት ዱቄትም ራቁ ይላል።

እንግዲህ በየተራ እንሂድበት።

መጀመሪያ እውነቱን ልስጠው። ካንሰር ኑክሊዮታይድ ይፈልጋል፤ በብዛት ይፈልጋል። አንድ ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን በሙሉ መገልበጥ አለበት። ዲኤንኤ በአራት ፊደላት የተጻፈ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ኑክሊዮታይድ ነው። የሰው ሴል አንዴ ለመገልበጥ ከ12 ቢሊዮን በላይ አዳዲስ ፊደላት ያስፈልጉታል። ይህንን የሚጨርሰው በ8 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ የሥራ ቀን በሉት። አርፎ የተቀመጠ ሴል፣ ለምሳሌ የጡንቻ ወይም የአንጎል፣ ለዕለት ጥገና ከሚሆነው በላይ አይጠይቅም። ካንሰር ግን መከፈሉን ስለማያቆም የፊደል ፋብሪካውን ሌት ተቀን ያሠራል።

የጨረቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይኼ ቶሎ ይገባዋል። ፈቃድ ያለው ሰው ሲሚንቶ ቢጠፋ ሳምንት ይጠብቃል። የጨረቃ ቤት የሚሠራው ግን ጎህ ሳይቀድ ቆርቆሮውን መምታት አለበት። መሀል ላይ ምስማር ካለቀበት አለቀለት። የካንሰርም አንዱ ደካማ ጎኑ ይኼ ጥድፊያው ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ኬሞዎች የሚመቱት እሱን ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ተስማምተናል።

የምንለያየው ጡቡ ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ነው።

እሱ ከሰሃን ነው ይላል። አይደለም። ሥጋም፣ ጎመንም፣ ምስርም ዲኤንኤ አላቸው፤ እውነት ነው። ግን የበላነው ዲኤንኤ አንጀት ውስጥ ይፈራርሳል። በውስጡ ያለው ፒዩሪን የሚባለው ዓይነት አብዛኛው ዩሪክ አሲድ ሆኖ ይወገዳል። ሪህ ያለበትን ሰው ጉበትና ኩላሊት አታብዛ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ሴሎቻችን ለግልበጣ የሚሆናቸውን ፊደል በዋናነት እዚያው ያመርቱታል፤ ካልሆነም የራሳቸውን ፍርስራሽ መልሰው ይጠቀማሉ።

አመራረቱን ቀረብ ብለን እንየው። ፒዩሪን ለመሥራት 10 እርከን አለ። መሠረቱ ስኳር ነው፤ ከግሉኮስ የተሠራ ራይቦስ። ናይትሮጅኑን ግሉታሚን፣ ግላይሲንና አስፓርቴት የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ያዋጣሉ። አንዷ ካርቦን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ትመጣለች፤ አዎ፣ ተንፍሰን ከምናስወጣው ጋዝ። ሁለት ካርቦን ደግሞ ፎሌት ያቀብላል። ዕቁብ ነው የሚመስለው፤ ሁሉም ድርሻውን ይጥላል። ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ ጸሐፊው የትኛውን ሊያስቀር ነው? ስኳሩን ብትተዉ ጉበት ራሱ ግሉኮስ ይሠራል። አሚኖ አሲዱን ብትተዉ ጡንቻ ይፈርሳል። ትንፋሽን ማስቀረት ደግሞ አይሞከርም።

ጸሐፊው ጣቱን የቀሰረው ፎሌት ላይ ነው። ፎሌት ግን ጡብ አይደለም። ባሬላ ነው። ካርቦኑን ተሸክሞ ያደርሳል፣ ያራግፋል፣ ባዶውን ተመልሶ ይጫናል። ጥቂት ባሬላ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ባሬላው የሚበላሸው አንድ ሥራ ላይ ብቻ ነው፤ ቲ የምትባለዋ ፊደል ስትሠራ። ያን ጊዜ የሚጠግነው ኢንዛይም አለ። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት የሚይዘው ይህንን ጠጋኝ ነው። ጠጋኙ ሲታሰር የተበላሹ ባሬላዎች ይከመራሉ፣ ቲ ትጠፋለች፣ ግልበጣው መሀል ላይ ይቆማል፣ ሴሉ ይሞታል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ የሚያቆመው ጥገናውን ነው። ምስር መተው ደግሞ ገበያ ሄዶ አዲስ ባሬላ አለመግዛት ነው። የድሮዎቹ ባሬላዎች ግቢ ውስጥ ሞልተዋል፤ ጉበታችን ለወራት የሚበቃ ፎሌት ያስቀምጣል።

ይህንን በራሱ ላይ የሞከረ ሰው አለ። ቪክቶር ኸርበርት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፎሌቱ እንዲወጣለት ምግቡን ሦስት ጊዜ እየቀቀለ በላ። ደም ማነሱ በግልጽ የታየው ከአራት ወር በላይ ቆይቶ ነው። እንዲያ ሆኖ እንኳ የተጎዳው መቅኔው ነው። ልብ በሉ፤ መቅኔ። ነጭ የደም ሴልና ደም የሚያረጋው ፕላትሌት የሚሠራበት ቦታ። ኬሞ የሚወስድ ሰው መቅኔው ድሮም ተደብድቦ ነው የሚውለው። በረሃብ መጀመሪያ የሚወድቀውም እሱ ነው።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ነው በጣም ያናደደኝ። ሰው ሲራብ ጡንቻው ይፈርሳል። ጡንቻ ሲፈርስ ከሁሉም አብዝቶ ወደ ደም ከሚለቃቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ ግሉታሚን ነው። ግሉታሚን ደግሞ ከላይ እንዳየነው ለኑክሊዮታይድ ናይትሮጅን የሚያዋጣው ነው። እማማ አምስት ኪሎ ሲቀንሱ ካንሰሩ አልተራበም። ቀለቡን ከክንዳቸው ጡንቻ ላይ ወሰደ።

ቀጥሎ ጸሐፊው ሲድኒ ፋርበርን ይጠራል። «ፎሌት ካንሰርን እንደሚያባብስ ፋርበር በዓይኑ አይቷል» ባይ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፤ ግን ከመሀል ቆርጦታል።

ፋርበር በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የሚሠራ ፓቶሎጂስት፣ ማለትም የበሽታ ናሙና የሚመረምር ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን አጣዳፊ የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን በወራት ውስጥ ይሞታል። ሉሲ ዊልስ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቦምቤይ ውስጥ የነፍሰ ጡሮችን ደም ማነስ ከእርሾ በተሠራ ምግብ አድናለች። በዚያ እርሾ ውስጥ የነበረው በኋላ ፎሊክ አሲድ የተባለው ነው። ለደም ማነስ ከሠራ ለደም ካንሰርስ? ብሎ ፋርበር ከፎሊክ አሲድ ጋር የተዛመዱ ውሁዶችን ለሕፃናቱ ሰጠ። በሽታው የፈጠነ መሰለው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይተወው ነበር። እሱ ግን ጥያቄውን ገለበጠው፦ ይኼ የሚያፋጥን ከሆነ ተቃራኒውስ? የሌደርሊ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ህንዳዊው የላፕራጋዳ ሱባራው ከባልደረቦቹ ጋር ፎሌትን የሚመስሉ ግን የማይሠሩ ውሁዶች ሠርቶ ነበር። ከእነሱ አንዱ አሚኖፕተሪን ነው። በ1948 ፋርበር ውጤቱን ሲያሳትም በጠና ከታመሙት 16 ሕፃናት 10ሩ ተሽሏቸው ነበር። መሻሉ ጊዜያዊ ነበር፤ በሽታው ተመልሷል። ግን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

አሁን አስተውሉ። ፋርበር ለሕፃናቱ የሰጠው በቤተ ሙከራ የተዘጋጀ ውሁድ ነው፤ የጎመን ወጥ አይደለም። የበሽታውን አካሄድ የቀየረውም ምግብ መከልከል አልነበረም፤ ኢንዛይም የሚይዝ መድኃኒት ነው። ጸሐፊው ከታሪኩ የመጀመሪያውን ገጽ ቀድዶ ወስዶ የቀረውን ጣለ።

በኪኒና መልክ ስለሚወሰድ ፎሊክ አሲድ ግን አንድ ነጥብ ይገባዋል። በ2007 የወጣ ጥናት አለ። ቀድሞ አንጀታቸው ላይ ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እብጠት የተገኘባቸው ሰዎች በቀን 1 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ወሰዱ። ፖሊፑ እንዳይመለስ አልጠበቃቸውም፤ እንዲያውም ብዙ ፖሊፕ የወጣባቸው ሰዎች ፎሊክ አሲድ በወሰዱት ዘንድ በዝተው ታዩ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አልደብቀውም። በሌላ በኩል በ2013 ላንሴት ላይ የታተመ ትንተና 13 ጥናቶችን፣ ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎችን አንድ ላይ አየ። በአጠቃላይ የካንሰር መጠን ላይ ትርጉም ያለው ጭማሪ አላገኘም።

ኬሞ ላይ ላለ ሰው ጉዳዩ ከዚህም ይለያል፤ መልሱ እንደ መድኃኒቱ ነውና። እንደ እማማ ካፔሲታቢን የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ የፎሊክ አሲድ ኪኒና ቢጨምር የመድኃኒቱ ጉዳት ሊከብድበት ይችላል። ለሳንባ ካንሰር በሚሰጠው ፔሜትሬክስድ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ፔሜትሬክስድ ፎሌትን የሚዋጋ መድኃኒት ነው። ታማሚው ታዲያ ከመጀመሪያው መርፌ አንድ ሳምንት ቀድሞ ጀምሮ በየቀኑ ፎሊክ አሲድ እንዲውጥ እናዝዘዋለን። ግዴታ ነው። ያለዚያ መቅኔውና አፉ ክፉኛ ይጎዳሉ። ከፎሊክ አሲዱ ጋር መድኃኒቱ መሥራቱን አያቆምም። የጸሐፊው ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ይኼ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ የኪኒናውን ነገር ሐኪማችሁን ጠይቁ። ወጡን ብሉ።

«መርዝ ነው» ለሚለው ብዙ አልከራከርም። አዎ፣ መርዝ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ ትሉን የሚጥለው ነገር ሰውየውንም ያንገዳግደዋል። የሰው ጸጉር የሚረግፈው፣ አፉ የሚቆስለው፣ ነጭ የደም ሴሉ የሚወርደው የጸጉር ሥር፣ የአፍ ቆዳና መቅኔም በፍጥነት ስለሚከፈሉ ነው። ፈቃድ ያለው ቤት ሠሪም ቢሆን በዚያች ሌሊት ሥራ ላይ ከተገኘ አብሮ ይመታል።

«የ70 ዓመት አሮጌ» የሚለው ግን ስድብ መሆኑ አልገባኝም። ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ ኒውዮርክ አጠገብ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ሜርካፕቶፒዩሪንን ሠሩ፤ በ1953 ተፈቀደ። ሐሰተኛ ፊደል ነው፤ ሴሉ እውነተኛ መስሎት ሲወስደው ሥራው ይበላሻል። ኤልየን አያቷ በካንሰር ሲሞቱ ያየች፣ የዶክትሬት ትምህርቷን ሳትጨርስ የቀረች ኬሚስት ናት። በ1988 ኖቤል ተሸለመች። ያ አሮጌ ኪኒና ዛሬም አጣዳፊ የደም ካንሰር ላለባቸው ሕፃናት በየማታው ይሰጣል፣ ከሳምንታዊ ሜቶትሬክሴት ጋር፣ ለሁለት ዓመት ገደማ። ሀብታም አገሮች ውስጥ ከእነዚህ ሕፃናት ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። በ1947 ሁሉም ይሞቱ ነበር።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሚን ቹ ሊና ሮይ ኸርዝ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የእንግዴ ልጅ ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች በሜቶትሬክሴት ማከም ጀመሩ። ሊ ግትር ሰው ነበር። ዕጢው በዓይን ከጠፋ በኋላም በሽንት ውስጥ ያለው ሆርሞን ዜሮ እስኪሆን መስጠቱን አላቆመም። አለቆቹ አበዛኸው ብለው ከሥራ አስወጡት። በእሱ እጅ የታከሙት ሴቶች ግን በሽታው ሳይመለስባቸው ቀረ። መድኃኒቱ ቀድሞ የቆመባቸው ሌሎች ሴቶች ግን ተመለሰባቸው። ዛሬ ይህ ካንሰር ተሰራጭቶ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚድን ነው። አሮጌ መድኃኒት እንዲህ ከሆነ ይጨምርልን።

አሁን የምወደው ነጥብ ላይ ደረስኩ። «መርዙንና ቫይታሚኑን አብረው ይሰጣሉ፤ የሚሠሩትን አያውቁም።»

ሜቶትሬክሴት ቢጫ ነው። የሐበሻ እንቁላል አስኳል ዓይነት ደማቅ ቢጫ። አዘጋጅተን ስንጨርስ ከብርሃን እንሸፍነዋለን። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወስዱት ሰዎች በሳምንት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ሚሊግራም ያልበለጠ ነው የሚወስዱት። የአጥንት ካንሰር ለያዘው ወጣት ግን ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 12 ግራም እናዘጋጃለን። 12,000 ሚሊግራም። ያለ ማዳኛ ቢሰጥ ይገድላል። ማዳኛው ሊውኮቮሪን ይባላል፤ ያ «ቫይታሚን» ነው። ጥገና የማያስፈልገው፣ የተዘጋጀ ባሬላ በሉት። ጠጋኙ ታስሮም ቢሆን ሥራ ያስጀምራል። አንድ ቀን ገደማ ጠብቀን እንጀምረዋለን፤ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ። ሌሊትም ቢሆን ነርሷ ትቀሰቅሰዋለች። መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በቂ እስኪቀንስ አይቆምም። በዚያ መሀል ሽንቱ በወረቀት ይለካል፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7 እንዳይወርድ፣ አሲድ ከሆነ መድኃኒቱ ኩላሊት ውስጥ እንደ አሸዋ ይቀመጣልና። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ያቺን ቀለም የምትቀይር ወረቀት እያየ «ዛሬ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?» ይለኝ ነበር።

ታዲያ ማዳኛው ካንሰሩንም አያድነውም ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊው ይህንን ቢጠይቅ ኖሮ አከብረው ነበር። አንደኛ፣ በዚያች አንድ ቀን ግልበጣ ላይ የተያዙት ሴሎች ሞተዋል፤ ቸኩሎ የሚከፈለው ደግሞ የበለጠ ይያዛል። ሁለተኛ፣ ብዙ የካንሰር ሴሎች ሜቶትሬክሴትን ውስጣቸው ጭራ ቀጥለውበት አስቀርተው ይይዙታል፤ የመቅኔ ሴሎች ያንን ያህል አይዙትም። ልዩነቱ ፍጹም አይደለም። ግን ሰዓቱ ሕይወት ነው። አንድ ላይ መስጠትና በሰዓቱ መስጠት ይለያያል።

ይባስ ብሎ ያው ሊውኮቮሪን ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ሥራው ይገለበጣል። ቻርልስ ሃይደልበርገር በ1957 ፍሎሮዩራሲልን አስተዋወቀ። መነሻው የአይጥ የጉበት ዕጢ ዩራሲል የሚባለውን ፊደል ከጤናማው ጉበት ይልቅ እንደሚሻማ ሌሎች ማየታቸው ነው። እሱ ዩራሲሉ ላይ አንዲት ሃይድሮጅን አውጥቶ ፍሎሪን ተካባት። ቲን የሚሠራው ኢንዛይም ሐሰተኛውን ፊደል ይጨብጥና መልቀቅ ያቅተዋል። ግን ጥብቅ ብሎ እንዲይዝ ፎሌት አጠገቡ መኖር አለበት። ስለዚህ ሊውኮቮሪን ስንጨምር ወጥመዱ ይጠብቃል። ለአንጀት ካንሰር ሁለቱ አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው። አንዱ ቫይታሚን፣ ከሜቶትሬክሴት ጋር አዳኝ፣ ከፍሎሮዩራሲል ጋር አጥማጅ። ለማያውቅ ሰው ግራ መጋባት ይመስላል። እማማ የሚውጡት ካፔሲታቢንም ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሆነው ፍሎሮዩራሲል ነው።

ምርመራን ይደብቃሉ የሚለው ላይ ቁጣው ይገባኛል። ፍሎሮዩራሲልን ጉበት ውስጥ የሚያፈርስ ዲፒዲ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያስወግደው እሱ ነው። ኢንዛይሙ የጎደለው ሰው የተለመደውን መጠን ቢወስድ ሊሞት ይችላል። በ1993 ጃፓን ውስጥ ሶሪቩዲን የሚባል የአልማዝ ባለጭራ መድኃኒት ወጣ። እሱ ዲፒዲን ያግዳል። ፍሎሮዩራሲል ዓይነት መድኃኒት ላይ የነበሩ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ሕክምና ከመጀመሩ በፊት እንዲመረመር መክሯል። ፈረንሳይ ከዚያም ቀድማ ግዴታ አድርጋዋለች።

አልተደበቀም፤ ታትሟል። ችግሩ መዳረሱ ነው። እኛን የሚመለከት ሌላም ነገር አለ፤ ጸሐፊው ሳያነሳው የቀረ። በአውሮፓ በብዛት የሚፈተሹት አራት የዘረ መል ለውጦች የተመረጡት በአውሮፓውያን ጥናት ነው። አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ የሚታይ ሌላ ለውጥ አለ፤ ያ የአራቱ ምርመራ አያገኘውም። ስለዚህ አሜሪካም አውሮፓም ያላችሁ ወገኖች፣ «በምርመራው ችግር አልተገኘም» ብትባሉ የትኛው ምርመራ እንደሆነ ጠይቁ። በደም ውስጥ ያለውን የዩራሲል መጠን የሚለካም አለ። ምርመራ በሌለበት ቦታ ደግሞ የመጀመሪያው ዙር ላይ ከባድ ተቅማጥ፣ የአፍ ቁስል ወይም ትኩሳት ከመጣ ኪኒናውን አቁሞ በዚያው ቀን መሄድ ነው። ማርከሻ መድኃኒት አለ፤ በ2015 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ ግን የሚሠራው ከመጨረሻው መጠን በኋላ በ96 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ሰኞ እስኪሆን ልጠብቅ አይባልም።

የመጨረሻው ነጥብ አደገኛው ነው። ነፍሰ ጡሮች ፎሊክ አሲድ አይውሰዱ የሚለው።

የፅንስ አከርካሪና አንጎል የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው። ብዙ ሴት ያን ጊዜ ማርገዟን አታውቅም። በ1991 በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የተመራ ጥናት ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶች በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ 72 በመቶ መቀነሱን አሳየ። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ዱቄት ላይ እንዲጨመር አስገድዳለች። ያቺ ጽሑፉን የላከችው ልጅ ራሷ በየቀኑ የምትበላው ዳቦ ሳይኖርበት አይቀርም። አዲስ አበባና ትግራይ ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ይህ የአከርካሪና የአንጎል ችግር ከ1000 ልደት ከ10 በላይ ላይ እንደሚታይ አሳይተዋል። ከፍተኛ ቁጥር ነው። ለካንሰር ታማሚ የተጻፈ የተሳሳተ ምክር ለአንዲት ወጣት ሚስት ሲደርስ የሚያስከፍለው ይህንን ነው።

እማማን የዚያን ቀን አስቀምጬ ይህንን ሁሉ አልነገርኳቸውም። ስለ ባሬላው ብቻ ነገርኳቸው። የኮንትራክተር ባለቤት ነበሩና ሳቁ። ኪሏቸው ስለቀነሰ መጠኑ እንደገና ተሰላ። ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ጎመኑም ይመለስ ተባባልን። የደም ውጤታቸው ላይ ነጭ የደም ሴላቸው ትንሽ ዝቅ ብሏል።

«ጎመኑን ግን እማማ፣ በደንብ ያጥቡትና በደንብ ያብስሉት። ጥሬ ነገር ለጊዜው ይቅርብዎት።»

«ጥሬ ቃሪያስ? ሽሮ ያለ ቃሪያ?»

«ነጭ ደምዎ ከፍ እስኪል ቃሪያውንም ያብስሉት።»

ኪኒናቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ተነሱ። «ይኼን ሁሉ ሰምቼ እንግዲህ ዞሮ ዞሮ የተከለከልኩት ቃሪያ ነው» አሉ።